ወንድሜ የሠራው የቆርቆሮ ባቡር

በእኛ አገር ልቅሶ ላይ የሟቹ ዕቃ ይወጣል። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው፣ ፈረስ ያለው ፈረሱ። ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃ አልነበረውም። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠራ ቆይቶ ደባርቅ ሲመለስ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ አንድ ትንሽ ባቡር ሠርቶ ነበር። ሆዱ ውስጥ የአሮጌ ሰዓት ዕቃ ከቶበታል፤ በቁልፍ ሲሞሉት ይሄዳል። የልቅሶው ቀን እናቴ ጥቁር ጨርቅ ቀድዳ አሰረችበትና እሱን ታቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ ሲሞሉት አልሄድ አለ፤ ያየው ሰውም ሁሉ ያለቅሳል። እኔም።

ጎንደር፣ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ትንንሽ ማኪናና ባቡር በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ሊሰበሰቡ ነበር። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት እመጣለሁ ብሏቸው ነበር። እኔ ልሂድለት አልኩ። እናቴ ባቡሩን አንስታ እጄ ላይ አኖረችና፣

“ውሰደው” አለች። “እዚያም አልሄድ ካለ ግን መልሰህ አታምጣብኝ። እሱም ቆሞ እንዳላየው።”

መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ጎማ ያለው ቤት ነበራቸው። በከባድ ማኪና ይጎተታል፤ ውስጡ አልጋም ምድጃም አለው። ወደ ጎንደር ስለሚወርድ ሾፌሩ፣ አንድ ጠና ያለ ሰው፣ አሳፈረኝ። ባቡሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋው ላይ ሳስተኛው ቆሞ አየኝ።

“ባቡር በማኪና ተሳፍሮ ሲሄድ ዛሬ አየሁ” አለ። “ምነው፣ እግሩን አሞታል?”

“መንገዱ እንዳይሰብረው ነው፣ አያ።”

“መንገዱን የምንጠግነው እኛ ነን። ስድብህ ገብቶኛል።”

ሳቅሁ። ከልቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ኮሶዬ መንደር ላይ ቆመን ቅቅል ድንች ስንበላ ስለ ወንድሜ ነገርሁት። እኔ ግን በየመካከሉ እየተነሳሁ ብርድ ልብሱን እገልጥ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የሽቦ ሐዲድ በክብ ተዘርግቷል። ተራዬ ሲደርስ ባቡሩን ሞላሁትና ለቀቅሁት። ተንቀጠቀጠና ቆመ። ደግሜ ሞላሁት። ቆመ።

“የደባርቅ ባቡር ነው፣ በርዶታል!” አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ባቡሩን ገለበጥሁት። የኋላ እግሮቹ ዘንግ ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሟል። ከእናቴ ጨርቅ ጫፍ የተተረተረ ነው። ጨርቁን ከልቅሶው ወዲህ ማንም አልፈታውም ነበር። ማን ይደፍራል?

ሾፌሩ ተከትሎኝ ገብቶ ነበር። ሴንጢውን አውጥቶ ሰጠኝ።

“ልቁረጠው፣ አያ?”

“እኔን ምን ትጠይቀኛለህ። ወንድምህ ነው።”

ክሩን ቆረጥሁ። ጨርቁንም ፈታሁና ኪሴ ከተትሁት። ባቡሩን ሐዲዱ ላይ መለስሁት። ሄደ። ዙሩን ጨርሶ እንደገና ጀመረ።

“ዝም ብሎ የሚሄድ ባቡር የት አለ? ጩህለት እንጂ!” አለ ሾፌሩ፤ ራሱም ጮኸለት። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ተቀበሉት። ባቡሩን እያየ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። እኔም ጮህሁለት።

ቤት ስገባ ባቡሩን ወለሉ ላይ አስቀመጥሁት። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ሌላ ነገር ነው።

“ጨርቁስ?”

“ይዞት ነበር፣ እማ። ፈታሁት።”

ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እሷ ጨርቁን ስታጥፍ ባቡሩን ሞልቼ ለቀቅሁት። ወለሉን አቋርጦ እግሯ ሥር ሄዶ ቆመ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ አገላብጣ አየችው።

“እስኪ ደግመህ ሙላው” አለች።