ቀለም የነካው አውራ ጣት

ትናንት የእህቴ የልጅ ልጅ ሰናይት በስልኳ ብድር ልትወስድ «እስማማለሁ» የሚለውን ስትጫን እጇን ያዝኩት።

«መጀመሪያ አንብቢው።»

«እማማ ደግሞ! ይሄን ሁሉ ማን ያነባል?»

ሳቄ መጣ፤ እትዬ ደስታ ትዝ አሉኝ። ታሪካቸውንም ነገርኳት።

አንኮበር ነው፣ ሰኔ መግቢያ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነበርና በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሦስተኛ ክፍል ከማቲዎች ጋር እቀመጣለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አይዘልም፤ በስንት ልመና ያገኘውን እንዴት ይዝለለው?

ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ባላቸው ሞተውባቸዋል። ያን ሰሞን ደግሞ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ገደል ገባ። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ ከአራጣ አበዳሪው ከአቶ ጥላዬ የበሬ መግዣ ሊበደሩ ተስማሙ።

አቶ ጥላዬ ሰው የሚያስፈርሙት ሁልጊዜ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ወረቀቱ ይነበብልኝ» ማለት አበዳሪውን ሌባ ማለት ነው፤ ይሉኝታ አፍ ይይዛል። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ያካፋ ስለነበር የእትዬ ደስታን ጃንጥላ ይዤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ።

«ገብሱ ሲታጨድ ይከፍላሉ፣ አለቀ» አሉ አቶ ጥላዬ፣ የእትዬ ደስታን አውራ ጣት ቀለም እያስነኩ።

አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁት። በልቤ ማንበብ ገና አልለመድኩም ነበርና ሳላስበው ድምፄ ወጣ።

«እስከ... መስከረም... መጨረሻ... ካልተከፈለ... ማሳው... ለአበዳሪው... ይሁን።»

የሰዉ ሁሉ አንገት ወደ ወረቀቱ ዞረ።

«መስከረም?» አሉ ቄስ ወልዴ፣ የንስሐ አባታችን። «በመስከረም የማን ገብስ ይታጨዳል? ገና እሸት አይደለም እንዴ?»

«የጸሐፊ ስሕተት ነው፣ አባ።»

«ጸሐፊው ራስዎ አይደሉ?» አለች ከሴቶቹ አንዷ። ሳቁ ወይራውን አናወጠው።

እትዬ ደስታ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው «ያቆሸሹትን ያጽዱ እንግዲህ» አሉና ጣታቸውን በአበዳሪው ነጭ ኩታ ጫፍ ጠረጉት።

ቄስ ወልዴም «እኔም ባለ አንድ በሬ ነኝ፣ ልጄ። መቀናጆ እንግባ፤ ዛሬ ያንቺ ማሳ፣ ነገ የእኔ» አሏቸው። የሳቸው በሬ ረጅም፣ የእትዬ ደስታ ድንክ፤ ቀንበሩ ተንጋዶ ሲያርሱ አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ገብሱ ግን አማረ። ኅዳር ላይ እትዬ ደስታ በቅቤ የታሸ በሶ በአገልግል ይዘውልኝ መጡ።

«ይሄ የድምፅሽ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን እኔ ሳልጠራ ቀለም የሚነካ ጣት አልነበረም። አፈ ቁልፍ የምባለዋ ልጅ ሰው ፊት ቆሜ ሳነብ ኖርኩ።

ሰናይት ስልኳን አነሳችና ከላይ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ ነው የምታነበው። መሐል ላይ ቆም አለች።

«እማማ፣ መክፈያው እኮ ደሞዝ ሳልቀበል ነው!»

ከዚያ እየሳቀች አውራ ጣቷን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችው።