ጭኮው ከጨጓራ ወጣ ወይ?

እህቴ የሞተች ሰሞን ተማሪዎቿ ለቅሶ ሊደርሱን መጡ። ዝናብ ያበሰበሰውን ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ድንኳኑ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። አንዲት ቀጭን ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አላህ ሰብር ይስጥህ» ብላ ልታጽናናኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ጭኮው ከጨጓራ ወጣ?»

«አልወጣም» አልኳት።

«ያ አላህ!» አለችና ወደ ጓደኞቿ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉም አለቀሱ። ለእህቴ ይሁን ለጭኮው እስካሁን አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሮቤ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነበረች። ክፍሉ ከምሳ በኋላ ይተኛል። እሷ ሰሌዳው ላይ ስለ ምግብ መፈጨት ስትጽፍ፣ ያልተኙት በመስኮት የሚያልፈውን ባጃጅ ያያሉ። አንድ ቀን ተናዳ መጣችና ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አቆመች።

«ፊልም እንሠራለን» አለችኝ።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ነበር የምውለው። ጊዜ ነበረኝ።

ዋናው ተዋናይ ጭኮ ነበር። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፤ ባሌ ውስጥ የማያውቀው የለም። አንድ ቁራሽ ወስዳ ሁለት የምስር ዓይን ሰካችበት። ፎቶ ታነሳለች፣ ትንሽ ትገፋዋለች፣ ደግሞ ታነሳለች። ፎቶዎቹ ስልኩ ላይ ሲሮጡ ጭኮው ይሄዳል። ከአፍ ተነስቶ ወደ ሆድ ይጓዛል። የጭኮው ድምፅ እኔ ነኝ። «ድምፅህ ቅቤ ቅቤ ይላል» ብላ መረጠችኝ።

ችግሩ፣ ተዋናዩ በየመሀሉ ይበላ ነበር። የምበላው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጭኮው ምላስ ላይ ትልቅ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ትንሽ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትልቅ። ተማሪዎቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ሳይንስ ነው» አለቻቸው።

የፊልሙ ዘዴ ሰላምታ ነበር። እኛ አገር ሰው ሰላም ሳይባል ወሬ አይጀመርም። ጭኮው ጥርስን ሲያገኝ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ?»፣ እንዴት አደሩ፣ ይላል። ጥርስም «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይልና ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቶች፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል። መጨረሻ ላይ ጭኮው «ሥራስ እንዴት ነው?» ሲል ጥርስ ሥራውን ይናገራል። ትምህርቷን እዚያች ላይ ነበር የምታስገባው። ልጆቹ ለእያንዳንዱ ሰላምታ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ አብረው ይመልሱ ጀመር። የገበያ ቀን እንኳ መቅረት ተዉ።

ጭኮው ጨጓራ እንደገባ እህቴ ታመመች። ለሕክምና ጎባ ሄደች። አልተመለሰችም።

በእሷ ቦታ ከሌላ ክልል አዲስ አስተማሪ መጣ። ትንሹ አንጀትን ሊያስተምር ሲል ክፍሉ እምቢ አለው። «ቲቸር፣ ጭኮው ገና ጨጓራ ነው» ይሉታል። ቢቆጣም፣ ቢለምንም ያው ነው። በመጨረሻ እኛ ቤት መጣ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «እባክህ ያንን ነገር አስወጣልኝ። ፈተና ደርሷል።»

ሠራሁት። ጉበትን ከጭቃ አድርጌ፣ ሽማግሌ ነውና የክብሪት እንጨት ከዘራ ሰጠሁት። ለአንጀት የእናቴን የውሃ ጎማ ወሰድኩ።

«ጎማዬ የት ሄደ?» አለች።

«አንጀት ሆኗል።»

«የማን?»

«የጭኮው።»

«ታጥቦ ይመለስ» አለች።

የጭኮውንም የጉበቱንም ድምፅ ብቻዬን ቀዳሁ። ሰላምታ ደግሞ ታስቦበት አይደለም፤ አፍ ለምዶታል፣ ይወርዳል። መልሼ ሳላዳምጠው ይዤ ሄድኩ።

ክፍሉ ጢም ብሏል። ፕሮጀክተሩ በራ። ጭኮው ከጨጓራ ብቅ ሲል ጩኸት ሆነ። ጉበት ከዘራውን ተደግፎ ጠየቀው።

«ልጆቹ ነጋ?» «ነጋ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ክፍሉ።

«ከብቶቹ ነጋ?» «ነጋ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«እናትህስ?» «ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«እህትህስ?»

«ደህና ናት» አለ ጭኮው። በእኔ ድምፅ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጉበት ስለ ሐሞት ማስረዳት ጀመረ፤ የሰማው የለም። ከኋላ አንድ ልጅ ዘግይቶ፣ በልምድ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ በደብተር መታው። አስተማሪው ፊልሙን አቆመ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ውጭ ስንወጣ «ያቺን ቦታ ቀይራት» አለኝ። «ለአንተም ለእነሱም ይከብዳል።»

ቤት ገብቼ እንደገና ቀዳሁ። «እህትህስ?» አልኩ በጉበት ድምፅ። «አርፋለች» አልኩ በጭኮው። ከዚያ ጉበት ምን ይበል? ይህን ሰምቶ ስለ ሐሞት የሚያወራ ሽማግሌ የለም። ከዘራውን ጥሎ ይቀመጣል። ሐሞት ከረጢት ጎረቤት ነው፣ ሰምቶ ይመጣል። ቆሽትም ይመጣል። ትንሹ አንጀት ድንኳን ይተክላል። ሆድ በሙሉ ለቅሶ ሲቀመጥ ቅቤውን ማን ይፈጨዋል? ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ለቅሶ መጣ፤ የጉበቱን ድምፅ ገና ከጉሮሮዬ አላወጣሁትም ነበርና በሽማግሌ ድምፅ አለቀስኩ።

«ማነው?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ጉበቱ ነው።»

«አላህ ያጽናው» አለች።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ለአስተማሪው «አልቀየርኩትም» አልኩት። «ጉበት ከሰማ ሥራ ያቆማል።»

ግራ ገብቶት ክፍሉን ጠየቀ። ያቺ ቀጭን ልጅ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ጭኮው መንገደኛ ነው። መንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። ጉበትም ሽማግሌ ነው፤ እሱ ሥራ ላይ እያለ ደግሞ ማን ይነግረዋል? አሁን ‹ደህና ናት› ነው የሚባለው። መጀመሪያ ጭኮው ይውጣ።»

«ማን ይነግረዋል ታዲያ?» አለ ደብተር የቀመሰው ልጅ።

«ትልልቅ ሰዎች ናቸዋ! አንተ አይደለህም!»

አስተማሪው እኔን አየኝ። እኔ ፕሮጀክተሩን አበራሁ። «እህትህስ?» ላይ ሲደርስ ከጭኮው ቀድመው ሁሉም «ደህና ናት!» ብለው ጮኹ፤ እኔም ጮኽኩ። ጉበት ሐሞቱን ሰጠው፣ ሐሞት ቅቤውን በታተነው፣ የቀረው በእናቴ ጎማ ተንከባሎ ወጣ። ከወጣም በኋላ የምስር ዓይኖቹ አልጠፉም። አስተማሪው ይህ በሳይንስ ልክ አይደለም አለ፤ በጭብጨባው ማንም አልሰማውም።

ሐሞት ምን እንደሚሠራ ሲጠይቃቸው ያልወጣ እጅ አልነበረም።

ጉበቱ መደርደሪያዬ ላይ ከነከዘራው ቆሟል። እስካሁን አልሰማም።