ቁልቁለት ብቻ የሚያውቀው ቱቦ

አጎቴ ሰውን ሳያሳፍሩ ማከም ያውቁበት ነበር። በደርግ ዘመን መርሳ ከተማ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሳሉ፣ ሽንት ለከለከላቸው ሰዎች ቱቦ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። አንዱ ዓይነት ሽንቱን አውርዶ ወዲያው ይወጣል። ሌላው ግን ጫፉ በውሃ ሲሞላ ያብጥና እንዳይወጣ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሽንቱም ወደ ከረጢት ይወርዳል።

አንድ ዓርብ፣ ይኸኛው የገባላቸው የሐብሩ ገጠር ሽማግሌ ሆዳቸው ተነፍቶ እያቃሰቱ መጡ። ጋቢያቸው ሲገለጥ ከረጢቱ ትከሻቸው ላይ ታስሯል።

"ታዲያ ለጁምዓ ሰው መሃል ሽንቴን አንጠልጥዬ ልግባ?" አሉ።

አጎቴ አልሳቁም። ከረጢቱን ፈትተው ጭናቸው ላይ በሻሽ አሰሩላቸውና ሽርጣቸውን መለሱበት።

"አባቴ፣ ይሄ ቱቦ ቁልቁለት ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚህ ከሆነ ይወርዳል፣ ማንም አያይብዎትም።"

ወዲያው ከረጢቱ ሞላ። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ቱቦ ያስገቡለትን ሁሉ "ቁልቁለት፣ እንዳትረሳ!" ብለው ይሸኙ ነበር።

በመጨረሻ ሕመማቸው ለራሳቸውም ቱቦ ገባላቸው። ከረጢቱን ሳላስብ አልጋው ላይ ባስቀምጠው፣ መናገር ቢያቅታቸውም ጣታቸውን ወደ ወለሉ ቀሰሩ። አልጋው እግር ላይ ዝቅ አድርጌ ምስማር መታሁና ከረጢቱን ሰቀልኩበት።

ምስማሩ ዛሬም አለ። የሚንጠለጠልበት ግን የለም።