ሁለቴ የታጠቡ ጠርሙሶች

ጠርሙስ አጣቢዋን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። ላቦራቶሪው ውስጥ ከእሷ በፊት የገባ ሰው የለም፤ ሲንኩ በየት በኩል እንደሚያንጠባጥብ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። ሰው ግን አታምንም። ጓንቷን ስታወልቅ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፋ ታስቀምጣለች፤ ተዘርግተው ካገኘቻቸው ሰው ነክቷቸዋል ማለት ነው። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ «አንቺ እኮ ጥላሽ ሲከተልሽ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ» እያለች ትስቅባታለች።

የዚያን ሰሞን ነገር የተጀመረው በአንድ እይታ ነው። ዶክተሯ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆየችና ቀና አለች፤ ፊቷ ጠቁሮ ወደ ሲንኩ ዞራ አየች። ይኸው ነው። ለእትዬ ግን በቂዋ ነበር፤ ጥፋቱ ከጠርሙሶቿ ነው የተባለ መሰላት።

ዶክተሯ የምትመረምረው ክሮሞዞም ነው። ነገሩን አንድ ቀን ለእትዬ ከቀሚሷ ጫፍ የተመዘዘ ክር ይዛ አስረድታታለች። በሴሎቻችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚሉት ረዥም ክር አለ፤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ፣ ክር ማጠንጠኛ ላይ እንደሚጠነጠን ይጠመጠማል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለነሱ ነው። ሂስቶን ያልሆኑት ፕሮቲኖች ግን ዓይነታቸው ብዙ ነው፦ አንዱ ክሩን አጥፎ ይሰበስበዋል፣ አንዱ ሲቆላለፍ ቆርጦ መልሶ ይቀጥለዋል፣ ሌላው የክሩ የትኛው ክፍል መቼ እንደሚሠራ ይወስናል። ዶክተሯ ሂስቶኖቹን አጥባ ስታወጣ ክሩ እንደተፈታ ጸጉር ዙሪያውን ይበተናል፤ መሃል ላይ ግን የክሮሞዞሙን ቅርጽ የያዘ አጽም ይቀራል። አጽሙ የሚሠራው ከነዚያ ሂስቶን ካልሆኑት ነው። ያን ቀን ግን እሱም አብሮ ፈረሰባት።

እትዬ የጠረጠረችው ረዥሙን ነው። ረዥሙ በቅርቡ የተቀጠረ ቴክኒሻን ነው፤ ገና ከመግባቱ የአክስቱ ልጅ ሥራ እንደምትፈልግ ሲያወራ ሰምታዋለች። ጠርሙሶቼን እያቆሸሸ እኔን አስወጥቶ ዘመዱን ሊያስገባ ነው አለች በልቧ። ከዚያ ወዲያ ሰው ለምሳ ሲወጣ እሷ እየቀረች ጠርሙሶቹን በድብቅ እንደገና ታጥብ ጀመር። የምታጥበውም ቁም ሳጥን ውስጥ በተቀመጠው፣ ብርጭቆ ላይ የሚጋገረውን ነጭ የውሃ ቅሪት በሚያስለቅቀው ፈሳሽ ነበር። ብረት ነክ ነገር ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል ሲባል ሰምታለች፤ ከዚህ ወዲያ ንጽህና ከየት ይመጣል? ከዚያ በኋላ በውሃ አታለቀልቃቸውም ነበር። ውሃውንም አላመነችውም።

ጠርሙሶቹ አበሩ። አጽሙ ግን ጭራሽ የማይታይ ሆነ።

በመጨረሻ ዶክተሯ እትዬንና ረዥሙን ጠርታ፣ ችግሩ ከጠርሙሱ ከሆነ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ዕቃ እንደምታስገዛ ነገረቻቸው። አልተቆጣችም። እትዬ ግን ገብቷታል፤ የሚታጠብ ከሌለ አጣቢም የለም። ማታ ለእህቷ ስትነግራት እህቷ አልሳቀችም። «በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀጥርሻል?» አለቻት ቀስ ብላ።

በማግስቱ እትዬ ለምሳ የወጣች መስላ በሩ ጀርባ ቆመች። ረዥሙ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፤ ያንን ፈሳሽ አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ሄዳ እጁን ከነዕቃው ያዘችው።

«ያዝኩህ» አለችው። «ምን እየጨመርክብኝ ነው?»

ረዥሙ እጁን አላስለቀቀም። «እትዬ፣ እኔ ደግሞ አንቺን ልይዝ ነበር የመጣሁት» አላት። «ይኼ ነገር በየቀኑ ይጎድላል። እኔ አልነካሁትም፣ ከሁለታችን ሌላ የሚነካው የለም። ዶክተሯ እኔ ነኝ ብላ ካሰበች አለቀልኝ፣ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም።»

እጇ ላላ። ዝም ብትል የሚባረረው እሱ ነው። ይባረር የሚል ሐሳብ መጣባት፤ አልመጣም አይባልም። ግን ዓይኑን አየችው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ በር በር የሚያይ ዓይን ነው። የራሷን ዓይን መሰላት።

ዶክተሯ ከምሳ ስትመለስ ሄዳ ፊቷ ቆመች። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለች። «በዚያ ፈሳሽ ደግሜ የማጥበው እኔ ነኝ። እንዲጠራልዎት ብዬ ነው።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ አንዱ ጠርሙስ እንደ ድሮው፣ ሌላው በፈሳሹ እንዲታጠብ አዘዘች። እንደ ድሮው በታጠበው ውስጥ አጽሙ ቆሞ ተገኘ፤ በሌላው ውስጥ የተበተነ ክር ብቻ ነበር። አጽሙን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ተያይዘው የሚቆሙት እንደ መዳብ ባለ ማዕድን፣ ያውም በጥቂቱ ነው አለች ዶክተሯ፤ ፈሳሹ ደግሞ ያቺኑ ጥቂቷን ነጥቆ ያፈርሳቸዋል። በመጀመሪያው ቀን መፍረሱ ግን የዶክተሯ የራሷ ጥፋት ነበር፤ ናሙናውን ሙቀት ላይ ረስታው ነው።

እትዬ ይኼን ስትሰማ አላስቻላትም። «ታዲያ ያን ቀን ወደ ሲንኩ ለምን አዩ?»

«ወደ ሲንኩ? ሰዓት ነው ያየሁት» አለች ዶክተሯ፣ ከሲንኩ በላይ ወደተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት በአገጯ እያመለከተች። «ስንት እንደቆየ ላውቅ።»

ፕላስቲኩ አልተገዛም። ቁም ሳጥኑ ግን ቁልፍ ተበጀለት፤ ቁልፉም ለረዥሙ ተሰጠ። እትዬ አልከፋትም፤ እሷም ብትሆን እንደዚያው ታደርግ ነበር። የዚያን ቀን ሥራዋን ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀች፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፋ አስቀመጠች፣ ቀና ብላም ሰዓቱን አየች። ልክ ይሁን አይሁን እንጃ።