የማንም ያልሆነ ሜዳ

ወልቂጤ ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ ጠመኔ በእጄ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ኪሴ ከተትኩት። ጣቢያ ሲፈትሹኝ አንዱ ፖሊስ አውጥቶ አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ወስዶ ጠመኔዬን ለምን እንደተወልኝ እስካሁን አይገባኝም።

የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ አለ። ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። በሩ አጠገብ የነበሩት ሽማግሌ፣ ስብሰባ ላይ በተናገሩት የታሰሩ እህል ነጋዴ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተስ በምን መጣህ፣ ልጄ?»

«በሚሳኤል።»

«አላህ ይጠብቀን!» አሉና ቦታ ለቀቁልኝ። ከአክብሮት ይሁን ከፍርሃት አላወቅኩም። ስቀመጥ ከኪሴ የወደቀውን ጠመኔ አንስተው ሰጡኝ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። አንድ አገር በራሷ ባለሙያዎች ሃይፐርሶኒክ ሚሳኤል ሠራች የሚል ዜና የሰሙ ተማሪዎቼ ወጥረው ያዙኝ። ከድምፅ አምስት እጥፍ በላይ የሚፈጥን ነገር እንዴት አይቀልጥም? እኛስ ለምን አንሠራም? ከዜሮ እንጀምር አልኳቸው። የውሃ ፕላስቲክ፣ ቡሽና የብስክሌት ፓምፕ ይዘን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ጀፎረ ላይ ተኮስን። ጀፎረ የመንደሩ ቤቶች ከግራና ከቀኝ የሚተያዩበት፣ ከብት የሚግጥበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚደረግበት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ፕላስቲኩ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጣና የሰው እንሰት ውስጥ ወደቀ። ተማሪዎቼ ቀርፀው «በአገር ልጆች የተሠራው ሃይፐርሶኒክ ሚሳኤል ተሞከረ!» ብለው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። መቀለዳቸው ነበር።

መርማሪው ረጋ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስለ ፕላስቲኩ ብዙም አልጠየቀኝም። ከላይ የተነሳ የመንደሩን ፎቶ አሳየኝ።

«ይሄን ሜዳ ማነው ያስጠረገው?»

«ጀፎረ ነው። ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው።»

«ዛፍ የለው፣ አጥር የለው፣ ቀጥ ያለ። አንተ ደግሞ የሰሜን ሰው ነህ። እንዲህ ያለ ቦታ በአጋጣሚ አገኘሁ ልትለኝ ነው?»

ፎቶውን ወደ እኔ አስጠጋው።

«ማን ፈቀደልህ? የባለቤቱን ስም ንገረኝና ዛሬውኑ ልጆችህ ጋ ትገባለህ።»

እርግጥ ነው፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመን ሳለ ወጥተው «ተኩሱ፣ ከብቶቹን ብቻ እንዳታስደነግጡ» ያሉን፣ ኋላም ቆጮና አይብ ያበሉን አባት ነበሩ። ስማቸው ምላሴ ላይ ነበር። ልጆቼ ናፍቀውኛል፤ ፈርቻለሁም። ጥያቄው ሲደጋገም ደግሞ ለራሴም ተምታታብኝ። እውነት ማን አስጠረገው? ያን የሚያህል ሜዳ ሰው ሳያጥረው እንዴት ቆየ?

«እስከ ከሰዓት አስብበት» ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ለሽማግሌው ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጀፎረ ጠራጊ አለው እንዴ? ወላሂ፣ የሚጠርገው ከብት ነው!» ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። «ስም ጠየቀህ?»

«አዎ።»

«ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ በል አልልህም፤ ልጆች አሉህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምነው ቢቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከሰዓት መርማሪው ፊት ተቀመጥኩ። «ጀፎረ ባለቤት የለውም» አልኩት። «የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ስም የለኝም።»

ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እኛ አገር ይቻላል? እንደዚያ ዓይነት ሚሳኤል?» አለኝ።

ወጥመድ ይሁን የልቡ ጥያቄ መለየት አልቻልኩም። «ሙቀቱን የሚችል ነገር መሥራት ይቀድማል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና እንዲመልሱኝ አዘዘ።

ክፍሉ ስገባ ሽማግሌው ምን አልክ አላሉኝም። ፊቴን አይተው፣ «ያ ጠመኔ አለ?» አሉ። ሰጠኋቸው። ሁሉም እግሩን እንዲሰበስብ ለምነው፣ ወገባቸውን እየያዙ ከበሩ እስከ ግድግዳው ሁለት መስመር አሰመሩ። በመካከሉ ሰው አንድ እግሩን ካስቀደመ ብቻ የሚያልፍበት ስፋት ቀረ።

«ይሄ ጀፎረ ነው» አሉ። «ዕቃ አይቀመጥበትም፣ አይተኛበትም። የሁላችንም ነው።»

ቀድሞ በጀርባችን መተኛት ያቃተን ሰዎች ያንን ቦታ ትተን በጎናችን ተኛን። አንድም ሰው አልተኛበትም። በየተራ እየተነሳን ከበሩ እስከ ግድግዳው ሄድንበት።

አንድ ጠዋት «ዕቃህን ያዝና ውጣ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በምን እንደታሰርኩና በምን እንደተፈታሁ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ተማሪዎቼ ግን ስለ ሚሳኤል አይጠይቁኝም፤ ይህ ከእስሩ በላይ ያሳዝነኛል።

በቅርቡ ወደዚያ መንደር ሄድኩ። ከብቶቹ ይግጣሉ። እኒያ አባት ከጀፎረው ማዶ፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። የሆነውን አንዱንም አያውቁም።

«መምህር! ምነው ጠፋህ?» አሉኝ።

ከወዲህ በኩል ሆኜ፣ ጮክ ብዬ፣ ስማቸውን ጠራሁ።