የከበሮው ማንገቻ

አባቴ በላሊበላ በየማኅሌቱ ከበሮ የሚመቱ ደብተራ ነበሩ። ከበሮው ከባድ ነው፤ በቆዳ ማንገቻ ከአንገት ይንጠለጠላል፤ ገና ሲሆን ለሰዓታት አይወርድም። ስለዚህ በአንገታቸው ግራ በኩል የባቄላ ፍሬ የምታህል ንፍፊት ስትወጣ ማንም አልደነገጠም። «ማንገቻው ነው» አልን። ከበሮ መቺ ባለበት ቤት ሁሉ የሚባለው ይኸው ነው።

እኔ ብልጧ ደግሞ አሮጌ ነጠላ ቀድጄ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ ማንገቻው ላይ ትራስ ሰፋሁበት። አባቴ አንግተው ሞከሩትና «እጅሽ ይባረክ ልጄ፤ አሁንስ አልቆረቆረኝም» አሉኝ። እንዴት እንደኮራሁ! እናቴ «ደሴ ይሂዱና ሐኪም ይይዎት» ባለች ቁጥር ትራሷን እያሳዩ ይስቁባት ነበር።

ንፍፊቷ እንቁላል አከለች። ማንገቻውን ወደ ቀኝ አዞሩት፤ በቀኝም ወጣባቸው። እኔም ጥጥ ጨመርኩ። ከዚያ አባቴ እየከሱ ሄዱ፤ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። አንድ ቀን ሸሚዝ ሳለብሳቸው ብብታቸው ሥር ሌላ እብጠት እጄን ነካው። ብብት ደግሞ ማንገቻ አይደርስበትም። በዚያው ቀን «ደሴ እንሂድ» አልኳቸው።

ዘመኑ የደርግ ነውና ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት እስክናገኝ ሌላ ሁለት ሳምንት ሄደ። ደሴ ሐኪሙ አንገታቸውን ዳሰሰና «ምነው ይህን ያህል ቆያችሁ?» አለ። አባቴ ቀደሙኝ፤ «ልጄ ስታስታምመኝ ነበር» አሉት። ሊያመሰግኑኝ ነው ያሉት። ፋሲካን ሳያዩ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ ደሴ የላቦራቶሪ ሙያ ስማር፣ መምህራችን በሕዋስ ውስጥ መልእክት ስለሚያቀባብሉ ፕሮቲኖች ነገረን። «ተባዛ» የሚለው መልእክት ሥራው ሲያልቅ መቆም አለበት። አባቴን በወሰደው የንፍፊት ካንሰር፣ በሊምፎማ ግን አንዱ ፕሮቲን ይበላሽና ማንም ሳያዘው «ተባዛ፣ ተባዛ» ማለቱን አይተውም፤ በሽታውም እየገፋ ይሄዳል። ማኅሌቱን የሚመሩት መሪጌታ እጃቸውን ሲያነሱ አባቴ ከበሮውን ቀጥ ያደርጉት ነበር። ይህ ትዝ ሲለኝ ከክፍል ወጥቼ አለቀስኩ። ማንገቻው ምንም አላደረጋቸውም። ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ለገና ላሊበላ ስመለስ ከበሮውን ሌላ ሰው አንግቶታል። ትራሴ እንዳለች ናት፤ ጥጧ እንኳ አልወጣም። ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ትራሷን ትኩር ብዬ ሳያት ጊዜ ሰውዬው ዳበስ አደረጋትና «ይችን የሰፋ እጁ ይባረክ፤ አንገቴን አተረፈችልኝ» አለኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።