በላይኛው እርከን የተቀናጁ በሬዎች

መንደሩ «እትዬ ካብ» የሚላት በክፋት አይደለም። ማሳዋ ከተራራው ጫፍ ሥር፣ ከሁሉም እርከን በላይ ነው። እዚያ አፈሩን ይዞ የሚያቆየው የድንጋይ ካብ ብቻ ስለሆነ፣ ዝናብ ባለፈ ቁጥር የተናደውን ስትመልስ ትውላለች። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱ ድንጋይ ያቀብል፣ እሷ ትደረድር ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንሣቱም መደርደሩም የእሷ ሆነ። እርፍ መጨበጡም እንዲሁ። መጀመሪያ ሰሞን ትልሟ እንደ እባብ ሲጥመለመል ያዩ ጎረቤቶች ስቀው ነበር፤ ገብሱ ግን ትልሙ መጣመሙን የነገረው ስላልነበረ ቀጥ ብሎ በቀለ።

ያ ማሳ ሌላም ክብር አለው። የመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ በዓል የሚውለው የዘር ወቅት ሊገባ ሲል ነው። የዚያን ዕለት ሕዝቡ የቅዱሱን ሥዕል ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ላይኛው እርከን ይወጣል። ቄሱ ዘሩን ይባርካሉ፤ የማሳው ባለቤትም በሬ ጠምዶ የመጀመሪያውን ትልም ያወጣል። ከዚያ በፊት ማንም መሬት አይነካም።

ታዲያ በዓሉ ሲቃረብ ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ወሬውን የሰሙት ቄስ ቤቷ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ የዘንድሮውን ከታች፣ በወፍጮ ቤቱ ጌታ ማሳ ላይ እናድርገው። ቅዱሱ አይቀየምም።»

«ቅዱሱ ባይቀየም እኔ እቀየማለሁ፣ አባ።»

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «የባልሽ ወንድምም እኮ አንድ በሬ አለው።»

እትዬ ካብ ፊቷን አዞረች። የባሏ ታናሽ ወንድም የመንደሩ አንጥረኛ ነው፤ ማሳውም ልክ ከእሷ ሥር ነው። ባሏ በሞተበት ክረምት ካቧ ተንዶ የአንጥረኛውን ባቄላ ቀበረው። እሱም ንዴት ቢይዘው «ድሮስ የሴት ካብ» ብሎ ተናገረ፤ ቃሉም አድሮ ጆሮዋ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ሰማይ ሰማዩን፣ እሱ ጫማ ጫማውን እያዩ ያልፋሉ።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው የተውኩት፣ አባ።»

«ይነቅዛል እንጂ» አሉ ቄሱ፣ ለመሄድ እየተነሡ። «የእናንተማ ዱቄት ሆኗል።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ አንጥረኛው ቤት ወረደች። እሱ ወናፉን ሲነፋ ነበር። በሩ ላይ ሲያያት ተደናግጦ የምትቀመጥበት ነገር ፈለገ፤ ያገኘው በከሰል የጠቆረ በርጩማ ነው። በእጁ ቢጠርገው ባሰበት።

«በሬህን ፈልጌ ነው» አለች ሳትቀመጥ። «ለበዓሉ እንቀናጅ።»

«እኔ ደግሞ ልትሰድቢኝ የመጣሽ መስሎኝ።»

«እሱም ይደርሳል።»

አንጥረኛው መዶሻውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ወንድሜን ቀብሬ ሳልጨርስ ባቄላዬ ተቀበረ። የማማርርበት ሳጣ አንቺን አገኘሁ። ካቡን ስትመልሺ ሁልጊዜ ከታች አይሻለሁ። ልረዳሽ እነሣና እግሬ እምቢ ይለኛል።»

«በእግርህ ታሳብባለህ?»

«አፌ ነው ብል ታምኚኛለሽ?»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ ከሰል በከሰል ሆነ።

በሬዎቹ እንደ ሰዎቹ ቶሎ አልታረቁም። የእሷ ሽማግሌ ነው፤ የእሱ ገና ጉልበቱ ያልሰከነ ወይፈን። አንዱ ሲስብ ሌላው ይቆማል፣ ቀንበሩም ይዞራል። በመጨረሻ አንጥረኛው የሞፈሩን ማሰሪያ ወደ ወይፈኑ ጠጋ አድርጎ፣ ከባዱን ለጉልበተኛው ሰጠው። ያኔ እኩል መራመድ ጀመሩ።

በበዓሉ ቀን ደወሉ ተደወለ፣ ሕዝቡም እየዘመረ ወጣ። ከተማ የገቡት ልጆች ሳይቀሩ መጥተዋል። ቄሱ ዘሩን ባረኩ። እትዬ ካብ እርፉን ጨበጠች፤ አንጥረኛው ከፊት ሆኖ በሬዎቹን መራ። ትልሙ ግማሽ ሲደርስ ማረሻው ከአፈሩ ሥር አንዳች ነገር ገጨና ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ዝማሬው ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው «ደግ ምልክት አይደለም» ሲል ተሰማ። እትዬ ካብ በሬዎቹን አቆመች። ባሏ ስንቱን ዘመን ሲያርስ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። እርፉን ልትለቀው ምንም አልቀራት።

አንጥረኛው ተንበርክኮ ስባሪውን አነሣ፤ ከሥሩ ትልቅ ድንጋይ ብቅ ብሏል። ከዚያም ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ብረቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «በደንብ አላጠነከርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሴትዮዋም የቅዱሱም አይደለም። ወርጄ ሌላ እስካመጣ ድንጋዩን አውጡልኝ።»

ሲያልፍ እጁን ያዘችው። «ብረቱ እኮ ምንም አልነበረውም» አለች ዝግ ብላ። ድንጋዩ ጥጃ የሚያህል መሆኑን አይታለች።

«አውቃለሁ። ዝም በይ።»

ቄሱ የልብሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ይህን ያየ ሁሉ አካፋም እጅም ይዞ ገባ። አንጥረኛው እያለከለከ ሲመለስ ድንጋዩ ወጥቶ፣ የከተማ ልጆች በአዲስ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ይሳሳቃሉ። አዲሱ ማረሻ ተገጠመ፤ ትልሙም ከጉድጓዱ ዘንድ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ዳር ደረሰ።

በመከር ጊዜ የሁለቱን እህል በአንድ አውድማ ላይ ወቁ። አሁን የሚያጨቃጭቃቸው የሚመጣው ዓመት ዘር ነው። እሷ ስንዴ እንሞክር ትላለች፤ እሱ ብርዱ አያሳድገውም ይላል። እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነው ሲከራከሩ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል፤ ቄሱም ይህን ሲሰሙ መስኮታቸውን ከፈት ያደርጋሉ።